ፉል ፍሬም ካሜራ ለስፖርት ፎቶ ይሆናል? ከመግዛታችሁ በፊት ራሳችሁ ፈትኑት

«ፉል ፍሬም ካሜራ ልገዛ ነው፤ ለስፖርት ይሆነኛል?» ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። የካሜራው ሞዴል ይለያያል እንጂ ጥያቄው ያው ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ፣ አዲስ ካሜራ እጄ ሲገባ የማደርገውን ፈተና እንዳለ ላስቀምጥላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንግባባ። «ፉል ፍሬም» ማለት ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) በግምት 36 በ24 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው፤ ሌላ ምንም ማለት አይደለም። ካሜራው ሯጭ መከተል ይችል እንደሆነ፣ ለስንት ሰከንድ ሳይደክም እንደሚያነሳ አይነግራችሁም። ሴንሰራቸው እኩል የሆነ ሁለት ካሜራዎች ሜዳ ላይ ሲወጡ የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቁ ይችላሉ። ስለዚህ ካሜራውን ለአንድ ቀን ተዋሱት ወይም ተከራዩት። ከዚያ አንሱና ቁጠሩ። ቆጠራው ነው መልሱን የሚሰጣችሁ።

የሚያስፈልጋችሁ

- የሚፈተነው ካሜራ፣ ከተቻለ ከሁለት ሙሉ ባትሪ ጋር
- ለስፖርት የምትጠቀሙበት ሌንስ ራሱ (ለምሳሌ 70-200 ኤፍ 2.8)። ካሜራውን ከሱ ጋር የመጣ ትንሽ ሌንስ ገጥማችሁ ከፈተናችሁት የፈተናችሁት ሌንሱን ነው።
- ካሜራው የሚቀበለው ፈጣን ሜሞሪ ካርድ፤ በተጨማሪ አሁን የምትጠቀሙበት ካርድ
- አሁን ያላችሁ ካሜራ፣ ለማወዳደር
- ሩጫ የማይሰለቸው አንድ ጓደኛ፤ ለአንዱ ፈተና ደግሞ ሁለተኛ ሰው
- የሩጫ ሰዓት ያለው ስልክ
- ቢያንስ 40 ሜትር ርዝመት ያለው ሜዳ፣ እንዲሁም የቤት ውስጥ ስፖርት የምታነሱ ከሆነ አዳራሹ
- ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ
- ፎቶዎቹን አስፍታችሁ የምታዩበት ኮምፒውተር

ከመጀመራችሁ በፊት ተጠንቀቁ

ረጅም ሌንስ የገጠመ ካሜራ ወደ ፀሐይ አታዙሩ። ሌንሱ ብርሃኑን ሰብስቦ ሴንሰሩን ሊያቃጥለው ይችላል፤ መስታወት ባለው ካሜራ ደግሞ ዓይናችሁን ይጎዳል። የካርዱ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ካርዱን አታውጡ፣ ባትሪውንም አትንቀሉ። በጨዋታ ላይ የምትፈትኑ ከሆነ ከመስመሩ ወጣ ብላችሁ ቁሙ። በቪውፋይንደር (በካሜራው ማያ ቀዳዳ) እያየ ያለ ሰው ከጎን የሚመጣውን ተጫዋች አያይም። ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ።

1. ካሜራውን ለስፖርት አዘጋጁት

አብዛኛው ካሜራ ከካርቶኑ ሲወጣ ለስፖርት አልተዘጋጀም። እነዚህን አስተካክሉ፦

- ፎከሱን ተከታታይ አድርጉት። ካነን ላይ ሰርቮ ይባላል፤ ኒከንና ሶኒ ላይ ኤኤፍ-ሲ።
- ሹተር ስፒዱን (ሹተሩ ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ) 1/1000 ሰከንድ አድርጉ።
- አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) ሌንሱ እስከሚፈቅደው ድረስ ክፈቱት።
- አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) አውቶ ላይ ተዉት።
- ተከታታይ ቀረጻውን ከፍተኛው ፍጥነት ላይ አድርጉ።
- ሰው የሚለይ የፎከስ ዘዴ ካለው አብሩት።

ለምን 1/1000? በሰከንድ 6 ሜትር የሚሮጥ ሰው በጎን ሲያልፍ፣ በ1/1000 ሰከንድ ውስጥ የሚሄደው 6 ሚሊሜትር ነው። በ1/250 ግን 24 ሚሊሜትር ይሄዳል። እግርና እጅ ደግሞ ከሰውነቱ ይፈጥናሉ። ሹተሩ ቀርፋፋ ከሆነ ፎቶው ይደበዝዝና ጥፋቱን በከንቱ ፎከሱ ላይ ትጭናላችሁ።

ሜኑው ውስጥ አንድ ሌላ ነገር ፈልጉ፦ ካሜራው ፎከስ ሳይዝም ያነሳል ወይስ ፎከስ እስኪይዝ ይጠብቃል? ብዙዎቹ ይህን ያስመርጣሉ። አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው አትቀይሩት፤ በመሃል ከቀየራችሁት ቁጥሮቻችሁ አይወዳደሩም።

2. እውነተኛውን ፍጥነትና የበፈሩን አቅም ለኩ

ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ፍጥነት ብዙ ጊዜ ቅድመ ሁኔታ አለው። የተወሰነ ሌንስ፣ የተወሰነ የፋይል ዓይነት፣ የሞላ ባትሪ ይፈልጋል። ስለዚህ ራሳችሁ ለኩት። በፈር የሚባለው ደግሞ ፎቶዎቹ ካርዱ ላይ እስኪጻፉ የሚቆዩበት የካሜራው ጊዜያዊ ማከማቻ ነው።

ስልኩ ላይ የሩጫ ሰዓቱን አስጀምሩና ካሜራውን ወደ ስክሪኑ አነጣጥሩ። ለዚህ ፈተና ብቻ ፎከሱን በእጅ አስተካክሉ፤ ሹተሩንም ወደ 1/250 አውርዱት፤ በጣም ፈጣን ከሆነ የስልኩ ስክሪን በከፊል ጨልሞ ሊወጣ ይችላል። አሁን ሹተሩን ተጭናችሁ ያዙ፤ የድምፁ ምት እስኪዘገይ አትልቀቁ። ድምፅ አልባ ሹተር ከሆነ የቀረውን ቦታ የሚያሳየውን ቁጥር ተከታተሉ።

ከዚያ ፎቶዎቹን ተመልከቱና ሦስት ነገር ጻፉ። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ፍሬም (ነጠላ ፎቶ) አለ? ካሜራው ከመዘግየቱ በፊት በጠቅላላ ስንት አነሳ? ጣታችሁን ካነሳችሁ በኋላ የካርዱ መብራት እስኪጠፋ ስንት ሰከንድ ፈጀ? ይህንኑ በሮው (ካሜራው ባላቀነባበረው ፋይል)፣ በተጨመቀ ሮውና በጄፔግ ድገሙት። በኤሌክትሮኒክ ሹተርና በሜካኒካል ሹተርም እንዲሁ። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ያስደንቃል።

ቀጥሎ ያለው ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጥብኛል። ጨዋታ ላይ ሹተሩን ተጭኖ 10 ሰከንድ የሚቆይ የለም። አንድ ግብ ሙከራ ሰከንድ ተኩል ይፈጃል፣ ኳሱ ይመለሳል፣ ከሦስት ሰከንድ በኋላ ሌላ ሙከራ ይመጣል፣ ከዚያ ደስታው። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦ ሰከንድ ተኩል አንሱ፣ ሦስት ሰከንድ እረፉ፣ ይህን 5 ጊዜ ደጋግሙ። አምስተኛው ዙር እንደ መጀመሪያው ከፈጠነ በፈሩ ይበቃችኋል። ሦስተኛው ላይ ከተንተባተበ ግን ወሳኙ ቅጽበት ላይ ይከዳችኋል።

ከተንተባተበ መጀመሪያ ካርዱን ጠርጥሩ። ዩኤችኤስ-1 የሚባለው ኤስዲ ካርድ ማስተላለፍ የሚችለው ቢበዛ በሰከንድ 104 ሜጋባይት ነው። ዩኤችኤስ-2 እስከ 312 ይደርሳል። ሲኤፍኤክስፕረስ የሚባለው ሌላ የካርድ ዓይነት ከሁለቱም በብዙ ይፈጥናል። ውድ ካሜራ ላይ ቀርፋፋ ካርድ ማስገባት ሰፊ መንገድ ላይ ጠባብ ድልድይ እንደመሥራት ነው።

3. አውቶፎከሱን በሚሮጥ ሰው ፈትኑት

የቀኑን ግማሽ ለዚህ ስጡት። ስፖርት ላይ ጥሩ ካሜራን ከመጥፎው የሚለየው ይኸኛው ነው።

ጓደኛችሁን 40 ሜትር ርቀት ላይ አቁሙትና በቀጥታ ወደ እናንተ ይሩጥ። ሌንሱ 200 ሚሊሜትር ላይ፣ አፐርቸሩ ኤፍ 2.8 ላይ ይሁን። ከእናንተ 5 ሜትር ገደማ ሲቀረው ወደ ጎን እንዲታጠፍ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከመነሻው እስከ መታጠፊያው ድረስ አከታትላችሁ አንሱ። 5 ጊዜ ድገሙት፤ በየመሃሉ እንዲያርፍ ፍቀዱለት።

ለምን ወደ እናንተ? በጎን የሚሮጥ ሰው ከካሜራው ያለው ርቀት ብዙም አይለወጥም፤ ስለዚህ ማንኛውም ካሜራ ይይዘዋል። ወደ እናንተ ሲመጣ ግን ሌንሱ ሳያቋርጥ መንቀሳቀስ አለበት። በ200 ሚሊሜትርና በኤፍ 2.8፣ 10 ሜትር ላይ ያለ ሰው ሲነሳ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 40 ሴንቲሜትር ያህል ነው። 5 ሜትር ላይ ወደ 10 ሴንቲሜትር ይወርዳል። በሰከንድ 6 ሜትር የሚሮጠው ጓደኛችሁ ደግሞ በሰከንድ 10 ፍሬም በሚያነሳ ካሜራ በአንዱ ፍሬምና በሚቀጥለው መካከል 60 ሴንቲሜትር ተጉዟል። ማለትም ካሜራው ሰውየው አሁን ያለበትን ቦታ ማወቁ አይበቃም። በሚቀጥለው ፍሬም የት እንደሚደርስ መገመት አለበት። እየፈተናችሁ ያላችሁት ይህን የመገመት ችሎታ ነው።

ቀጥሎ ሦስት ዓይነት ሩጫ ጨምሩ፦

- ዚግዛግ። ጓደኛችሁ በድንገት ግራና ቀኝ እየታጠፈ ይምጣ። የኳስ ተጫዋች ቀጥ ብሎ አይሮጥም።
- አቋራጭ። እየሮጠ ሳለ ሁለተኛው ሰው በመካከላችሁ ይለፍ። ካሜራው ከሯጩ ጋር ይቆያል ወይስ ወደ አላፊው ይዘላል? ከዘለለስ ለመመለስ ስንት ፍሬም ፈጀበት?
- ጀርባ። ጀርባውን ሰጥቶ ይቁም፣ ከዚያ በድንገት ዞሮ ይሩጥ። ፊት በመለየት የሚሠሩ ዘዴዎች ፊት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ እዚህ ታያላችሁ።

ሲጨርሱ ኮምፒውተር ላይ 100 በመቶ አስፍታችሁ ተመልከቱ። እያንዳንዱን ፍሬም በሦስት መደቡ፦ ጥርት ያለ፣ ለትንሽ አጠቃቀም የሚሆን፣ የማይሆን። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ሜትሮች ለብቻቸው ቁጠሩ፤ እዚያ ማንኛውም ካሜራ ይቸገራል።

የእኔ መለኪያ ይህ ነው። በቀጥታ ሩጫ ከ10 ፍሬም 8 ወይም 9 ጥርት ካለ ደስ ይለኛል። ከ7 በታች ከሆነ ካሜራውን ከመውቀሴ በፊት የመከታተያ ቅንብሩን ቀይሬ እደግመዋለሁ። አቋራጩ ላይ ፎከሱ የሚዘል ከሆነ መከታተሉን «የሚጣበቅ» ወደሚያደርገው ጎን እወስደዋለሁ። ዚግዛጉ ላይ የሚዘገይ ከሆነ ደግሞ ለድንገተኛ ለውጥ የሚሰጠውን ምላሽ እጨምራለሁ።

ከመቶኛው ይልቅ የሳቱት ፍሬሞች የት እንዳሉ ተመልከቱ። አልፎ አልፎ አንድ አንድ ከሳተ ችግር የለውም፤ ጎረቤቱ ያለው ፍሬም ይተካዋል። በተከታታይ 6 ወይም 7 ከሳተ ግን ያ ቅጽበት ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል።

4. የኤሌክትሮኒክ ሹተሩን መዛባት ፈትኑ

ብዙ ሚረርለስ (መስታወት የሌላቸው) ካሜራዎች ትልቁን ፍጥነታቸውን የሚሰጡት በኤሌክትሮኒክ ሹተር ነው። ችግሩ አብዛኛው ሴንሰር ምስሉን በአንድ ጊዜ አያነብም፤ መስመር በመስመር ነው የሚያነበው። ንባቡ ቀርፋፋ ከሆነ የተመታ ኳስ እንቁላል ይመስላል፣ የሚወዛወዝ ዱላም ይጎብጣል።

ቀላሉ ፈተና፦ ቀጥ ያለ ምሰሶ ፈልጉና ካሜራውን በፍጥነት ወደ ጎን እያዞራችሁ በኤሌክትሮኒክ ሹተር አንሱት። ምሰሶው ምን ያህል አጋደለ? በሜካኒካል ሹተር ደግማችሁ አወዳድሩ።

ቁጥር የምትወዱ ከሆነ የንባቡን ጊዜም መገመት ትችላላችሁ። የሚርገበገብ መብራት ፈልጉ፤ የቆየ የፍሎረሰንት መብራት ጥሩ ነው። ነጭ ግድግዳ ላይ የሚያርፈውን ብርሃኑን ካሜራውን በአግድም ይዛችሁ፣ በኤሌክትሮኒክ ሹተር በ1/2000 አንሱ። ፎቶው ላይ ፈካ ጠቆር ያሉ አግድም መስመሮች ይወጣሉ። ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ስለዚህ አንድ ፈካ እና አንድ ጠቆር ያለ መስመር አንድ ላይ 10 ሚሊሰከንድ ናቸው። ከላይ እስከ ታች ሁለት ጥንድ ካያችሁ ንባቡ 20 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ ይህ ለፈጣን ስፖርት ብዙ ነው። ግማሽ ጥንድ ብቻ ካያችሁ 5 ሚሊሰከንድ ነው፤ በልበ ሙሉነት ተጠቀሙበት። 60 ኸርዝ ባለበት አገር አንዱን ጥንድ 8.3 ሚሊሰከንድ ብላችሁ አስሉ።

ስታክድ ሴንሰር (በጣም በፍጥነት የሚነበብ ሴንሰር) ያላቸው እንደ ኒከን ዜድ9 ያሉ ካሜራዎች ይህን ፈተና በቀላሉ ያልፋሉ። በ2023 ይፋ የሆነው ሶኒ ኤ9 ሦስት ደግሞ ሙሉ ምስሉን በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ መዛባቱ የለበትም። ሌሎቹን ፈትኑ። ቢወድቁም ሜካኒካል ሹተራቸው ሊያድናችሁ ይችላል፤ ግን በዚያ ጊዜ የምትቆጥሩት ፍጥነት የሜካኒካሉን መሆን አለበት።

5. አዳራሽ ውስጥ ግቡ

ፉል ፍሬም ዋጋውን የሚያስመልሰው እዚህ ነው። የሴንሰሩ ስፋት 1.5 እጥፍ ከሚባለው ክሮፕ ሴንሰር (ከፉል ፍሬም ያነሰ ሴንሰር) ስፋት 2.25 እጥፍ ያህል ነው። በተመሳሳይ ሹተርና አፐርቸር ከአንድ ስቶፕ (ማለትም ከእጥፍ) ትንሽ የበለጠ ብርሃን ይሰበስባል ማለት ነው። ክሮፕ ካሜራችሁ በአይኤስኦ 3200 የሚሰጣችሁን ጥራት፣ ፉል ፍሬሙ 6400 አልፎም ሊሰጣችሁ ይገባል። ሁለቱን ካሜራ ጎን ለጎን አድርጋችሁ በ3200፣ በ6400 እና በ12800 አንሱ። አይኤስኦው ከፍ ሲል ፎቶው ላይ የሚወጣውን ነጥባጥብ አስፍታችሁ አትፍረዱ። ፎቶውን በምትጠቀሙበት መጠን ተመልከቱት።

ከዚያ የመብራቱን መርገብገብ አጣሩ። በ1/1000 ሰከንድ 20 ፍሬም አከታትላችሁ አንሱና በተርታ ተመልከቷቸው። ብርሃኑ ወይም ቀለሙ ከፍሬም ፍሬም ይለዋወጣል? አንድ ጊዜ ይህን ሳላጣራ የመረብ ኳስ ውድድር አነሳሁ። ቤቴ ደርሼ ስከፍተው ከፎቶዎቹ ግማሽ ያህሉ ታችኛው ክፍላቸው ጨልሞ፣ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ያ ምሽት አልተመለሰም። ካሜራው የመርገብገብ መከላከያ ካለው አብሩትና ደግማችሁ አንሱ፤ ፍጥነቱ ምን ያህል እንደሚቀንስም ጻፉ። በኤሌክትሮኒክ ሹተር የሚሠራ መሆኑንም አረጋግጡ፤ አንዳንዶቹ በሜካኒካል ብቻ ነው የሚሠሩት።

6. ሌንሳችሁ እንደሚደርስ አረጋግጡ

ሰው በብዛት የሚረሳው ይህን ነው። 200 ሚሊሜትር ሌንስ 1.5 እጥፍ ክሮፕ ካሜራ ላይ እንደ 300 ሆኖ ይታያል። ፉል ፍሬም ላይ ግን 200 ያው 200 ነው። ተጫዋቹ ከፍሬሙ ውስጥ ያንሳል።

ሁልጊዜ የምትቆሙበት ቦታ ቁሙና የሜዳውን ሌላኛ ጫፍ አንሱ። ኮምፒውተር ላይ ለሰው በምትልኩት ልክ ቁረጡትና የቀረውን ፒክሰል ተመልከቱ። ባለ 24 ሜጋፒክሰል ፉል ፍሬም ወደ ክሮፕ መጠን ሲቆረጥ 10 ሜጋፒክሰል ገደማ ይቀረዋል። ባለ 45ው 20 ገደማ።

አሁን ልብ በሉ፦ ፎቶዎቻችሁን ሁሉ በዚህ መጠን የምትቆርጡ ከሆነ፣ የሴንሰሩን ጠርዝ እየጣላችሁ ነው። በደረጃ 5 ያየነው የብርሃን ብልጫም አብሮ ይጣላል። ስለዚህ ወይ የረጅም ሌንስ ዋጋ በጀታችሁ ውስጥ ይግባ፣ ወይ ክሮፕ ካሜራ ላይ ቆዩ። በቅርብ የሚደረግ ስፖርት ለሚያነሳ ሰው፣ ለምሳሌ ቅርጫት ኳስ ወይም ቦክስ፣ ይህ ጉዳይ ብዙም አያስቸግርም።

7. አንድ ሙሉ ጨዋታ ያዙት

ክብደቱን እጃችሁ ይፍረድ። ጓንት የምታደርጉ ከሆነ በጓንት ቁልፎቹን ሞክሩ። እያነሳችሁ ሳለ ቪውፋይንደሩ በየፍሬሙ መሃል የሚጨልም ከሆነ ሯጩ ከፍሬሙ እንዳያመልጣችሁ ተከታተሉት። ጨዋታው ሲያልቅ የቀረውን ባትሪና የተነሳውን ፎቶ ብዛት ጻፉ።

8. ቁጥሮቹን አንብቡ

ደብተራችሁ ላይ የወደቀውን ነገር ለሁለት ክፈሉት። የሚስተካከል አለ፦ ቀርፋፋ ካርድ፣ የፎከስ ቅንብር፣ አጭር ሌንስ፣ ተጨማሪ ባትሪ። የማይስተካከል አለ፦ የሴንሰሩ የንባብ ፍጥነት፣ የበፈሩ መጠን፣ ቅንብሩ ሁሉ ተሞክሮ የሚስት አውቶፎከስ። ከማይስተካከሉት አንዱ እናንተ የምታነሱትን ስፖርት የሚነካ ከሆነ ያን ካሜራ ተዉት። ስፖርታችሁን የማይነካ ከሆነ ግን አትጨነቁ። የዋና ውድድር የሚያነሳ ሰው የዱላ መጉበጥ አያሳስበውም።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

- ሱቅ ውስጥ መደርደሪያ እያነሱ መፍረድ። መደርደሪያ አይሮጥም።
- በካሜራው ጀርባ ስክሪን ማየት። ትንሽ ስክሪን ላይ ሁሉም ጥርት ያለ ይመስላል።
- የእንቅስቃሴ ብዥታን የፎከስ ስህተት ማለት። መለያው ቀላል ነው፦ ሯጩ ብዥ ብሎ ከፊቱ ወይም ከኋላው ያለው ሣር ጥርት ካለ ፎከሱ ነው የሳተው። ደረቱ ጥርት ብሎ እጁና እግሩ ብቻ ከተሳቡ ሹተሩ ነው የቀረፈፈው።
- ሁለት ካሜራ በሁለት የተለያየ ሌንስ ማወዳደር።
- ባትሪው ሊያልቅ ሲል ፍጥነት መለካት። አንዳንድ ካሜራ ባትሪው ሲወርድ ፍጥነቱን ይቀንሳል።
- አንድ ሩጫ አንስቶ መወሰን። አንዱ በአጋጣሚ ሊሳካ ወይም ሊበላሽ ይችላል፤ 5 የተባለው ለዚህ ነው።

ካሜራውን ከመመለሳችሁ በፊት ፎቶዎቹን ሁለት ቦታ ገልብጡ፣ ጥሩ ሆኖ ያገኛችሁትን ቅንብር ደብተር ላይ ጻፉ፣ ከዚያ ሜኑውን ወደ ነበረበት መልሱ። የተዋሳችሁት ካርድ ከሆነ ፎርማት የምታደርጉት ግልባጮቹ መከፈታቸውን ካያችሁ በኋላ ይሁን።